ይቅር የተባለችው

ቅዳሜ ጠዋት ባሏና የባሏ ታላቅ ወንድም የሕፃኑን አልጋ በጠባቡ ኮሪደር ሲያወጡ፣ እሷ የተኛች መስላ ጣሪያውን እያየች ነበር። "ቀስ በል፣ ግድግዳውን ትልጠዋለህ፤ ተኝታለች" አለ ባሏ። ሰፈሩም ዘመዱም ጋሼ የሚለው ታላቅየው እያለከለከ "ግን ነገርካት?" ብሎ ጠየቀ። "ምኑን ነው የምነግራት? እሷም ትገላገላለች። ከእንግዲህ አንሞክርም፣ በቃ።" አልጋው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨና አንደኛውን ጣቱን ሳይቆነጥጠው አልቀረም፣ "እፍፍ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ እንደሆነ ይቅር ብያታለሁ፣ ጋሼ። ባትወልድልኝም አልተዋትም" አለ። ጋሼ "ትልቅ ሰው ነህ። ሌላው ቢሆን እኮ..." ሲል የውጭው በር ተዘጋ። ሌላው ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ሳትሰማ ቀረች።

ይቅር ብያታለሁ! ብርድ ልብሱን ገፍታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ምን አድርጋው ነው ይቅር ያላት? ሦስት ፅንስ በየተራ ከሄደባቸው በኋላ ሐኪማቸው የሁለቱንም ደም አስመርምራ ነበር፤ ውጤቱን ስትነግራቸውም ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሰሙት። የሚስትየው ደም ምንም የለበትም። የባልየው ግን፣ እሱን ራሱን ምንም የማያደርገው፣ ወደ ፅንሱ ሲተላለፍ ግን የሚያበላሽ ነገር አለበት፤ ሁለት ክሮሞዞሞቹ ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላላችሁ፣ አለች ሐኪሟ፤ ነገር ግን ባረገዝሽ ቁጥር የመውረዱ አደጋ ከባድ ነው፤ እንሞክራለን ወይም ይቅርብን የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ አስቡበትና ተመለሱ። ቀጥላም ይህ ነገር ከወላጅ የሚወረስ ሊሆን ስለሚችል ወንድምህና እህትህም ቢመረመሩ ይሻላል አለችው። ባሏ የፊዚክስ መምህር ነው፤ አልገባኝም ሊል አይችልም፤ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር የሰማት። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ግን ክንዷን ይዞ "ለእማዬ አትንገሪብኝ። ለማንም" አላት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እሺ አለችው። ስለወደደችው እሺ አለችው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ሾተላይ አለባት የምትባለው፣ እንዳይሰማት ተብሎ ድምፅ የሚቀነስላት፣ የሚታዘንላት እሷ ናት። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው፤ አሁን ደግሞ ላላከከባት እከክ ይቅርታ አድርጎላታል።

አልጋውም ቢሆን ተራ አልጋ አይደለም። አናጢ የነበሩት የባሏ አባት ለመጀመሪያ ልጃቸው ለጋሼ በእጃቸው የሠሩት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ የተወለደ ሁሉ ተኝቶበታል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ያረገዘችው ራሷ ታስመጣዋለች፣ እቤቷ ያለው ሴት ራሷ "ውሰዱት" ሳትል ደግሞ ማንም ጫፉን አይነካውም። ሟቹ ይህን ያሉት ሁለት ምራት በአንድ አልጋ እንዳይጣሉ ነው ይባላል። እሷ ዘንድ ከገባ ቆይቷል። ሦስት ጊዜ አንሶላ ተነጥፎለት ሦስት ጊዜ ተነስቶለታል፤ በመጨረሻ የታጠበ ልብስ መከመሪያ ሆኖ ነበር። ወደ ትንሿ ክፍል ገብታ ስታይ ልብሱ ተጣጥፎ፣ ካልሲው ሳይቀር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጦላታል። መቼም ባሏ ጨዋ ነው። ወለሉ ላይ አልጋው የቆመባቸው አራት ነጥቦች ብቻ ቀለማቸው ሳይለቅ ቀርተዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ አለች ለባዶው ክፍል፣ ድምፅ አውጥታ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ "አንሞክርም" የሚለውን ቃል እሷም ለራሷ ብዙ ቀን ብላዋለች። የመጀመሪያው ሲሄድ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ነበረች፤ መንዳት የምታስተምረውን ተማሪ ከመሪው አስነስታ ራሷ እየነዳች ሐኪም ቤት ገባች። በሁለተኛው እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ስትተነፍስ እንኳ እየተጠነቀቀች ተኝታ ጠበቀች፤ አልረባም። ሦስተኛው ተንቀሳቅሶ ነበር። ስለ ሦስተኛው ለማንም አታወራም። መጸዳጃ ቤት በገባች ቁጥር ደም አይ ይሆን ብሎ መፍራትን፣ ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲል ሆዷን እያየ መሆኑን፣ ያን ሁሉ እንደገና ልጀምረው ወይ ስትል ሰውነቷ ይቆጣታል። ከዚያ መንገድ ላይ አባቱ ትከሻ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ የተቀመጠ ሕፃን ታይና እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች። ሳምንታት እንዲህ ስትዋልል ከርማ ሐሙስ ዕለት ሳህን እያጠበች ወሰነች። አንድ ጊዜ። የመጨረሻ አንድ ጊዜ እንሞክር፤ ቢሄድም ሁለት ሆነን እናለቅሳለን። የሐኪሟ ቀጠሮ ሰኞ ነው። ለባሏ ልትነግረው ያሰበችው ዛሬ፣ ቁርስ ላይ ነበር።

ባሏ ወደ ቤት ሲመለስ ትኩስ ዳቦ ይዞ ነው። "ተነሳሽ?" አለ። ስለ አልጋው ራሱ እስኪያነሳ ጠበቀችው። ስለ ዳቦው አነሳ፤ ዋጋው እንደገና ጨምሯል፣ መጠኑ ግን አንሷል፣ እነዚህ ሰዎች በሚቀጥለው ሽታውን ብቻ ነው የሚሸጡልን፣ ብሎ ሳቀ። ትንሿ ክፍል በሯ ገርበብ ብሎ፣ ባዶነቷ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት እየታየ፣ ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ወደ እሷ ገፋላት። ሐሙስ የወሰነችውን አልነገረችውም። በዳቦ ፋንታ የመኪናውን ቁልፍ አንስታ ወጣች።

ሥራዋ ሰው መኪና ማስነዳት ነው፤ አሰልጣኝ ናት። የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው አሮጌ መኪና በእሷ በኩልም ፍሬን ስላለው፣ እሷም እግሯ ከዚያ ስለማይነሳ፣ ተማሪዎቿ "ፍሬን" የሚል ስም አውጥተውላታል። የዛሬው ተማሪ ጨርቅ ቤት ያለው፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ ጎልማሳ ነጋዴ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ እየነዱ እሱ ኋላ ወንበር ላይ መቀመጡ አንገብግቦት ነው የመጣው። ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሳትን እየተለማመዱ ነበር። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይለቀዋል፣ ሞተሩ ይጠፋል። እንደገና ያስነሳል፣ ይጠፋል። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ይነፋሉ። ነጋዴው ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ወሬውን አይለቅም፤ የቤንዚን ዋጋ፣ የኪራይ ዋጋ፣ ደንበኛ አንድ ሜትር ጨርቅ ለመግዛት ግማሽ ቀን እንደሚከራከረው፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው "ለመሆኑ ስንት ልጅ አለሽ?" አላት።

"ሦስት" አለች። ከየት እንደወጣ አላወቀችም።

"ሦስትማ ልክ ነው። ከዚያ በላይ በዚህ ኑሮ ማበድ ነው!" አለና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፍሬኗን ስትረግጥ የሁለቱም አንገት ወደፊት ተወረወረ። "እጅ ፍሬን አላልኩዎትም? ስንት ጊዜ ልንገርዎት? ጆሮዎን ለጨርቅ ነው የሸጡት?" ብላ ጮኸችበት፤ ከመኪናው ውጭ የቆሙ ሰዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው እስኪያዩ ጮኸችበት። ነጋዴው ቀላ፤ ቁልፉን ነቀለና ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። "እኔ እኮ ከፍዬ ነው የምማረው፣ እመቤት" አለ። "ስድብ በነፃ ከሚስቴም አገኛለሁ።" ይቅርታ ጠየቀችው። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ሲመጣ ጠዋት የሰማችውን አስታወሳትና ጥርሷን ነከሰች፤ ሰውየው ለእሱ መስሎት ትምህርቱን ሳይጨርስ በታክሲ ወደ ሱቁ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ አማቷ ደወሉ። "ልጄ፣ አመሻሽ ላይ ነይ፤ ሾርባ እየሠራሁ ነው፣ ባልሽም እዚሁ ይጠብቅሻል። ደግሞ አልጋውን በፈቃድሽ ስለለቀቅሽ ተባረኪ። እኔ እኮ ታስቸግራለች ብዬ ነበር።" በፈቃዷ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የመኪናውን መስታወት ከፍታ አየር ሳበች። "እመጣለሁ እማማ" አለች። ከሰዓት ሁለት ተማሪ ነበራት፤ ምን እንዳስተማረቻቸው አታስታውስም። የሚገርማት አንድ ነገር ነው፤ ባሏ ዛሬ ጠዋት ዳቦውን ትቶ "እኔ ፈራሁ፣ እባክሽ ይቅርብን" ቢላት ኖሮ ትሰማው ነበር፤ ምናልባትም ትስማማ ነበር። መተውም ቢሆን የእሷ ውሳኔ ይሆን ነበር። ሳይጠይቃት ወስዶ፣ በታላቅ ወንድሙ ፊት የራሱ ደግነት አድርጎ ለበሰው።

የአማቷ ሳሎን ውስጥ አልጋው ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሟል። አማቷ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዘይት በነካ ጨርቅ እንጨቱን ያሻሉ። ከማእድ ቤቱ የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። ባሏ ሶፋው ላይ ጫማውን አውልቆ የተማሪ ፈተና ያርማል። የባሏ ታናሽ እህት፣ ካረገዘች ሦስት ወር የሞላት፣ ገና ሆዷ የማይታይ፣ አሰልጣኟ ስትገባ ስታያት ብድግ ብላ አቀፈቻት። "እትዬ፣ አልጋውን አንቺ እንደላክሽልኝ ወንድሜ ነገረኝ። እኔ ልጠይቅሽ አፍሬ ነበር እኮ። ምን ልበልሽ?" አለች፤ ዓይኖቿ ሞሉ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ የዋሸው እሱ ነው። አሰልጣኟ ባሏን አየችው። ባሏ ቀይ እስክሪብቶውን ከአንድ መልስ ወደ ሌላ መልስ እያሻገረ ነበር።

ሾርባው ቀረበ። አማቷ "ልጄ፣ የማይሆንን ነገር መተው ብልህነት ነው" ብለው ጀመሩ። "ሾተላይ በእኛ ዘር ታይቶ አይታወቅም። እኛም ግራ ገብቶን ነው እንጂ አንቺን ጠልተን አይደለም። ዋናው ባልሽ ችሎሻል። ስንቱ ወንድ ነው ይሄን የሚችለው?" እህትየዋ "እማዬ፣ ተዪ" አለች በሹክሹክታ። አሰልጣኟ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ለባሏ ጊዜ ሰጠችው፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያለች ጠበቀችው። ሾርባው ውስጥ ዳቦ ነከረ።

"ንገራቸው" አለችው።

"ምኑን?"

"ሐኪሟ ያለችንን።"

"ቤት እንነጋገራለን።"

"የቱ ቤት? አልጋዬ ያለው እዚህ ነው።" ከዚያ ተነስታ ቆመች። ተቀምጣ የምትለው አይደለም። "እማማ፣ ችግሩ ከእኔ አይደለም። ሁለታችንም ተመርምረናል። የእሱ ደም ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ እንዳያፍር ብዬ የሰጣችሁኝን ስም ሁሉ ተሸክሜ ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት ለጋሼ 'ይቅር ብያታለሁ' ሲል ሰማሁት። እኔን! ይቅር የሚባለው ማን እንደሆነ እስቲ ይንገራችሁ። ሐኪሟ ነገሩ ከወላጅ ይወረሳል፣ እህት ወንድምህም ይመርመሩ ብላው ነበር፤ ነግሯችኋል?"

ባሏ "እንደዚያ አይደለም የተባለው፤ ሊሆን ይችላል ነው ያለችው፣ በሳይንስ ደግሞ ሊሆን ይችላል ማለት..." ብሎ ጀመረ፤ የክፍል ድምፁን ነው ያወጣው። እህቱ አቋረጠችው። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር፤ ያደረገችው ሳይታወቃት ነው።

"እኔስ?" አለች። "እኔም አለብኝ?"

ወንድሟ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ። "መቼ ነው የተነገራችሁ?" አለች ቀጥላ፤ ይህን የጠየቀችው ወንድሟን ብቻ አይደለም። አሰልጣኟ ቁጣዋ ዞሮ ራሷን ሲነክሳት ተሰማት። ይህች ልጅ ከማርገዟ በፊት ነው የተነገራቸው። ለባሏ ክብር ብላ የያዘችው ምስጢር ይህችን ሳታውቅ ወደዚህ አስገብቷታል። ደግነት መስሏት ነበር። አማቷ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው፣ ማንንም ሳያዩ፣ አልጋውን እያዩ፣ "ከጋሼ በኋላ አራት ሄደውብኛል" አሉ። "ከዚያ እሱ መጣ፣ ከዚያ አንቺ። አማቴ ሾተላይ ብለው ስም አወጡልኝ። ልጆቼ እንዳይሰሙ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።" እና ያን ቃል፣ ጣዕሙን እያወቁት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምራታቸው ሲያጎርሷት ኖረዋል። ምናልባት ሌላ ቀን ታዝንላቸው ይሆናል፤ ዛሬ ግን አልቻለችም።

ባሏ ጫማውን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን ሳያስር ወጣ። በረንዳው ላይ ደረሰችበት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር፤ ጎረቤት ልብስ ከገመድ እያወረደ ስለነበር ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አዋረድሽኝ" አላት።

"እኔ ያልኩት ያለውን ነው። ስማኝ አሁን፤ አንዴ ነው የምናገረው። ሐሙስ ወስኜ ነበር። አንድ ጊዜ እንሞክር ልልህ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ዳቦህን ይዘህ ስትገባ። አሁንም እፈልጋለሁ፤ እግዜር ያውቃል እፈልጋለሁ። ግን ለሦስቱ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ለአራተኛው ብቻዬን አላለቅስም። እህትህ ጠይቃሃለች። ገብተህ መልስላት። የእኔ ነው፣ አውቅ ነበር፣ ደበቅኩሽ በላት። ከመለስክላት ሰኞ አብረን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። ካልመለስክላት ካንተ ጋር ልጅ የሚባል ነገር አልሞክርም።"

ባሏ የሳሎኑን በር አየ። ከውስጥ እህቱ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። ለረጅም ጊዜ በሩን አየ፤ አንዴ እንዲያውም እጁ ወደ እጀታው ሄደ። ከዚያ ዞረና ደረጃውን ወርዶ ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው አልተቆለፈም ነበር። የተሳፋሪውን በር ከፍቶ፣ ፍሬኑ ባለበት በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የደህንነት ቀበቶውን አሰረ። "እንሂድ በቃ" አላት በመስኮቱ። "ደክሞኛል። ነገ ረጋ ስንል እናወራለን።"

ቁልፉ እጇ ውስጥ ነበር። ደረጃው ላይ ቆማ አየችው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ካልሲ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያጥፍ፣ ዳቦ የሚገዛ፣ እንባው የሚቀድም፣ እና ከአንዲት ጥያቄ የሚሸሽ ሰው ነው። ጀርባዋን ሰጥታው ተመልሳ ገባች።

እህቱ ከአልጋው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አሰልጣኟ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አማቷ ለመነሳት ሞከሩና ተዉት። "ሊኖርብሽም ላይኖርብሽም ይችላል" አለቻት። "ግማሽ በግማሽ ነው ብላናለች። ቢኖርብሽም ሦስት ወር ይዘሻል፤ ጤነኛ የሚወለድም አለ፣ እናንተ ሦስታችሁ ተወልዳችኋል። ግን አውቀሽ ነው መያዝ ያለብሽ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አልነገርኩሽም፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። ደውዬ በእኔ ቦታ አንቺ እንድትገቢ እጠይቃቸዋለሁ፤ እኔ እየነዳሁ እወስድሻለሁ።"

"አንቺስ ታዲያ?"

"እኔ ከእንግዲህ የምጠይቃት ነገር የለኝም።" ይህን ስትል ሐሙስ ሳህን እያጠበች የወሰነችው ልጅ ከውስጧ ወጥቶ ሲሄድ በግልጽ ተሰማት። አራተኛው ይሄ ነበር። አለቀሰች፤ ፊቷን ሳትሸፍን፣ አማቷ እያዩዋት፣ የልጅቷን እጅ ይዛ።

ከውጭ የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ሳሎን ውስጥ ማንም አልተነሳም።